«ሰው ጠፋ» ሲባል ምን ማለት ነው? የሰሊጥ አጨዳና የጉልበት ገበያ



በየዓመቱ መስከረም ሲጋመስ፣ ከመተማ፣ ከቋራና ከሁመራ መስመር ለመጡ ተማሪዎች ከቤት በሚደወል ስልክ ውስጥ አንድ ቃል አይታጣም፤ «ሰው ጠፋ» የሚል። ሰሊጡ ደርሷል፤ የሚያጭደው የለም ማለት ነው። በዚያው ሰሞን እኛ እዚህ ልደታ ከግቢ ወጥተን ወደ ታክሲ ስንሄድ፣ በየግንባታው አጥር ሥር ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች ቆመው እናገኛለን። አነጋገራቸው ከየት እንደመጡ ይናገራል፤ ጎጃም፣ ወሎ፣ ጎንደር፣ ወላይታ፣ ጋሞ። በአንድ አገር፣ በአንድ ሳምንት፣ እዚያ ሥራ ሰው አጥቶ ሰብል መሬት ላይ ይረግፋል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ሥራ አጥቶ ይቆማል።

ይህን ያዩ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም»። ይህን አባባል በመስጂድ ደጃፍም፣ በታክሲም፣ አንዳንዴም ከመምህራን አፍ ሰምተነዋል። እኛ አንቀበለውም። ከጎጃም ተነስቶ ልደታ ድረስ መጥቶ ሲሚንቶ የሚሸከም ልጅ ሥራ ይጠላል ማለት ያስቸግራል። ጥያቄው ሥራውን ይወዳል ወይስ አይወድም ሳይሆን፣ ለምን ይህን ሥራ ከዚያኛው መረጠ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ያንን ምርጫ ከሠራተኛው ወገን ሆነን ማስላት ነው።

ሰሊጥ አይጠብቅም

የእርሻ ጉልበት እጥረትን ለመረዳት ከሰሊጥ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ያለ አይመስለንም። ጤፍ ቢደርስ ገበሬው ጥቂት ቀናት ሊያዘገየው ይችላል፤ ስንዴም እንዲሁ። የሰሊጥ ፍሬ ግን በቆባ ውስጥ ነው ያለው፤ ቆባው ደግሞ ከታች ወደ ላይ እየደረሰ ሲሄድ ራሱን ከፍቶ ፍሬውን ያራግፋል። የታችኞቹ ቆባዎች ሊከፈቱ ሲሉ፣ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ መታጨድ አለበት። ቀድሞ ቢታጨድ ፍሬው አይሞላም፤ ቢዘገይ መሬት ይበላዋል። በማጭድ ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ተደጋግፎ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ሲደርቅ በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ይህ ሁሉ በሰው እጅ ነው። ለአጨዳው ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ ለአንድ ማሳ ደግሞ ጥቂት ቀናት ነው።

የሰው ጉልበት ከሰሊጥ ማምረቻ ወጪ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። አረሙ በሐምሌና በነሐሴ፣ አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት። ሰሊጥ ለረጅም ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ ያስገኘ የእርሻ ምርታችን ነው፤ ቻይናና እስራኤል ዋነኛ ገዢዎቹ ናቸው። ከግቢያችን ብዙ ሳይርቅ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዋነኞቹ ሸቀጦች አንዱ እንዲሆን የታሰበው እሱ ነበር። በረመዳን በጠሒናና በሐላዋ መልክ ማዕዳችን ላይ የሚቀርበውም ይኸው ነው። እነዚህ ሁሉ የቆሙት በመስከረም ማጭድ ይዞ ቆላ በሚወርድ ሰው ላይ ነው።

የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ሰላም በነበሩት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም ደጋማ ስፍራዎች ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» ይባላሉ። ለምን ይሄዱ ነበር የሚለውን ካላወቅን፣ ለምን እንደቀሩ አይገባንም።

የመጀመሪያው ምክንያት መሬት ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ የሚጠብቀው የወላጁን ማሳ ተካፍሎ መቀነስ ወይም ሌላ ሥራ መፈለግ ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያገኘ ልጅ እንኳ ገዝቶ ገበሬ መሆን አይችልም። ሁለተኛው ቀን መቁጠሪያ ነው። ሰሊጡ የሚታጨደው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ የደጋው ጤፍ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ልጁ ቆላ ወርዶ አጭዶ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ፣ ለአባቱ ጤፍ አጨዳ ይመለሳል። ይህ የጊዜ ልዩነት ለዘመናት ሁለቱን አካባቢዎች ያገናኘ ድልድይ ነው።

ድልድዩ ግን ጠባብ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ሰሊጡ በጥቅምት መጨረሻ ቢደርስ ከደጋው ገብስና ስንዴ ጋር ይጋጫል፤ ልጁም ቤቱን ይመርጣል። የሃይማኖት ቀንም የራሱ ሒሳብ አለው። የደጋው ኦርቶዶክስ ገበሬ በወሩ ውስጥ ያሉትን የበዓላት ቀኖች አያጭድም፤ ለሙስሊሙ ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2000 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በሚሌኒየሙ አዲስ ዓመት ማግስት ነበር፤ ልክ በሰሊጥ አጨዳ መክፈቻ። በቆላ ሙቀት ጾሞ የሚያጭድ ሰው ያለው የሥራ ሰዓት የማለዳው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ረመዳን በበጋ ነው፤ ወደ አጨዳው ወር እስኪመለስ ገና ዓመታት አሉት።

ትርፍ ጉልበት አለ?

ኢኮኖሚክስ የሚማሩ እህትና ወንድሞቻችን አርተር ሊዊስን ያውቁታል። የሴይንት ሉሺያው ተወላጅ ሊዊስ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በድሃ አገሮች ገጠር ውስጥ ብዙ ትርፍ ጉልበት እንዳለ፣ ኢንዱስትሪም ከመተዳደሪያ በጥቂቱ ከፍ ያለ ክፍያ አቅርቦ የፈለገውን ያህል ሰው ከእርሻ ሊያወጣ እንደሚችል ጻፈ። ከእርሻው የወጣው ሰው ምርቱን አያጎድልም፤ በአንድ ማሳ ላይ አምስት ሆነው የሚሠሩትን አራቱ ይሠሩታልና።

ቴዎዶር ሹልዝ ይህን ተቃወመ። መከራከሪያውም ከሕንድ የመጣ አሳዛኝ ታሪክ ነበር። በ1918 እና 1919 እ.ኤ.አ. የኅዳር በሽታ (እኛ አገር በዚሁ ስም የምናውቀው ወረርሽኝ ነው) ሕንድ ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ትርፍ ጉልበት ቢኖር ኖሮ፣ ሹልዝ እንዳለው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚታረሰው መሬት ባልቀነሰ ነበር። ነገር ግን ቀነሰ። ሞት በበረታባቸው አውራጃዎች የበለጠ ቀነሰ። የሞቱት ሰዎች ትርፍ አልነበሩም። ሁለቱ ሰዎች በ1979 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን አብረው ወሰዱ፤ ክርክራቸው ግን ገና አልተቋጨም።

ለኛ ጉዳይ ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው፤ ልዩነቱ ወሩ ነው። በየካቲት የደጋውን መንደር የሚጎበኝ ሰው ሊዊስ ልክ ነበር ይላል፤ ወጣቱ በጥላ ሥር ተቀምጧል። በጥቅምት ወይም በኅዳር የሚሄድ ደግሞ ሹልዝን ያምናል፤ ሕፃንና አዛውንት ሳይቀር ማሳ ላይ ነው። ደቦና ወንፈል የተፈጠሩት ለዚህ ነው፤ ትርፍ ጉልበት ኖሮ ሳይሆን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንድ ቤት የማይበቃውን ጉልበት በተራ ለመዋዋስ። ስለዚህ «በአገሪቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ሥራ አጥ አለ፤ ሰሊጥ ለምን ይረግፋል?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ይስታል። የዓመት ቁጥር የሁለት ሳምንትን ችግር አያሳይም።

ሒሳቡን እንሥራው

አሁን ወደ ልጁ ምርጫ እንምጣ። የምንጠቀማቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ እኛው ያስቀመጥናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢ የአካባቢውን ቁጥር ተክቶ ደግሞ ማስላት ይችላል።

ባለሀብቱ «በቀን 800 ብር እከፍላለሁ፣ ምግብም በኔ ነው» ይላል። ልጁ 30 ቀን አለው። 4 ቀን በመንገድ ያልፋል፤ 3 ቀን ከተማ ውስጥ ቀጣሪ ሲጠብቅ፤ 4 ቀን በወባ ይተኛል። የቀረው 19 ቀን ነው፤ 19 በ800 ሲባዛ 15,200 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 3,000፣ ለደላላ 500፣ ለመንገድና ለመጠበቂያ ምግብ 1,200፣ ለመድኃኒት 1,000፤ በድምሩ 5,700 ይቀነሳል። ወደ ቤቱ የሚገባው 9,500 ብር ነው። «በቀን 800» የተባለው በ30 ቀን ሲካፈል ከ317 ብር አይበልጥም።

ያው ልጅ ልደታ ቢመጣስ? በቀን 500 ብር፣ በወር 24 ቀን ቢሠራ 12,000 ያገኛል። ምግብ 4,500፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚጋራው ቤት 1,500፣ ጠቅላላ 6,000 ይወጣል፤ 6,000 ይተርፈዋል። እስካሁን ሰሊጡ ይሻላል። ሰላም በነበረባቸው ዓመታት ሰው ወደ ቆላ የሚጎርፈው በዚህ ስሌት ነበር።

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። ከአሥር ሠራተኞች ሁለቱ ሲመለሱ መንገድ ላይ ደመወዛቸውን ይነጠቃሉ እንበል። ልጁ ከሁለቱ አንዱ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ስለዚህ 15,200ውን እንደ 12,160 ነው የሚቆጥረው። ወጪው ሲነሳ 6,460 ይቀረዋል። ልደታ 6,000፣ ሰሊጥ 6,460። ለ460 ብር ብሎ ወባና ሽፍታ ያለበትን መንገድ የሚመርጥ ማነው? ሕይወቱን ደግሞ ገና አልቆጠርንም።

ባለሀብቱ ይህን ጉድለት በደመወዝ ብቻ ልሙላው ቢል፣ ልጁ የድሮውን 9,500 እንዲጠብቅ በቀን 1,000 ብር መክፈል አለበት። በእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ በእያንዳንዱ ቀን 200 ብር ጭማሪ ነው። ይህ ጭማሪ ልጁን አያበለጽገውም፤ መንገዱ ሰላም ቢሆን ኖሮ ማንም ባልከፈለው ነበር። ሽፍታው የወሰደው ከሁለቱ ልጆች ኪስ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ ከባለሀብቱ የወጣው ግብር ከዚያ ይሰፋል። ባለሀብቱ 1,000 መክፈል ሲያቅተው «ሰው ጠፋ» ይላል። በትክክል ሲነገር «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ጠፋ» ነው።

መንገዱ ደግሞ በምሳሌያችን ካለው የከፋ ሆኖ ያውቃል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሰሊጡ ገና ከማሳ አልተነሳም ነበር። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ በደረሰው ጭፍጨፋ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ለሥራ የመጡ የቀን ሠራተኞች እንደነበሩ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግበዋል። በዚያው ሰሞን ከሁመራ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደውን ጉዞ በእገታና በመንገድ መዘጋት አስጨናቂ አድርጎታል። በአንድ ወቅት ልጅ ከላኩ ቤተሰቦች ስንቶቹ ዳግም ይልካሉ? አንድ የጠፋ ልጅ መንደሩን ሙሉ ያስቀራል፤ ምክንያቱም ቆላ መውረድ የሚወሰነው ከጎረቤት በሚሰማ ወሬ ነው።

ሌላም አማራጭ አለ። ከወሎ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲና ከጅማ የመጣን ልጆች የዓረብ አገርን መንገድ ማንም አያስረዳንም። በየቤታችን አንድ እህት ወይም አክስት አለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎች «አሁን ወደ እርሻቸው ይገባሉ» ብለው ነበር። ብዙዎቹ ግን ተመልሰው ሄዱ። ከሪያድ የሚላክ የአንድ ወር ገንዘብ በመንደሩ የጉልበት ገበያ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ አንድ ሠራተኛ ቀንሷል፤ ቤት የቀረው ወንድም ደግሞ በማንኛውም ዋጋ እንዳይሠራ አቅም ሰጥቶታል። ይህን ሁለተኛውን አንዳንዶች «ስንፍና» ይሉታል። እኛ እምቢ የማለት አቅም ብንለው እንመርጣለን።

በግዳጅ የተሞከረበት ጊዜ

ሁመራ ሰው ሲያጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰፋፊ እርሻዎች ሲከፈቱ የደጋው ሰው በየዓመቱ ይወርድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለጭሰኛው መሬት አገኘለት። በዚያው አዋጅ ገበሬ ሌላ ሰው ቀጥሮ እንዳያሳርስ፣ ከጥቂት አቅመ ደካሞች በቀር፣ ተከለከለ። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች የመንግሥት ሆኑ። ውጤቱን ከላይ ባየነው ስሌት መገመት ይቻላል፦ መሬት ያገኘ ሰው ማሳውን ጥሎ አይሄድም፤ ቢሄድ ድርሻውን እንዳያጣ ይፈራል፤ አካባቢውም ጦርነት ነበረበት። የመንግሥት እርሻዎቹ ሰው አጡ።

ደርግ የወሰደው መፍትሔ ደመወዝ መጨመር አልነበረም። በ1972 ዓ.ም. ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ሥራ አጥ የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከፊሉ በጥሩ ክፍያ ተስፋ፣ ከፊሉ ከመንገድ ታፍሰው፣ ወደ ሁመራ ተጫኑ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ባሰባሰቡት ምስክርነት መሠረት ብዙዎች በበሽታና በምግብ እጦት ሞቱ፤ ያመለጡት ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ። በከተማ የተቀመጠን ሰው «ሥራ አጥ» ብሎ ቆጥሮ፣ ሥራው ወዳለበት ማዛወር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ዛሬም «ይህን ሁሉ የከተማ ቦዘኔ ወደ እርሻ መውሰድ ነበር» ሲባል ስንሰማ ያ ዓመት ትዝ ሊለን ይገባል።

ማሽን ቢመጣስ?

የምህንድስና ልጆች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ማሽን የጉልበት እጥረትን የሚፈታበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ከ1942 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ብራሴሮ በሚባል መርሐ ግብር ሜክሲኳውያንን ለእርሻ ሥራ ታስገባ ነበር። መርሐ ግብሩ ሲቆም የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ያድጋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። የካሊፎርኒያ ቲማቲም አምራቾች ግን ቲማቲም ለቃሚ ማሽንና ለማሽን የሚመች ጠንካራ ቲማቲም አገኙ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቃሚው ሰው ከማሳው ወጣ። እኛም አገር አርሲና ባሌ ስንዴውን በኮምባይነር ያጭዳሉ። የአርሲ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው እንደሚሰሙት ግን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትራክተር ጭላሎ ሲገባ ባለርስቱ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስለቅቆ ነው የገባው። ማሽን ጉልበትን መተካት ሲችል ድርድሩም ይቀየራል።

ሰሊጥ ላይ ግን ኮምባይነር ሲገባ ደረቁ ቆባ በመጀመሪያው ንክኪ ይከፈትና ፍሬው መሬት ይወድቃል። ቆባው የማይከፈት ሰሊጥ በ1943 እ.ኤ.አ. ቬንዙዌላ ውስጥ ላንግሃም በሚባል ተመራማሪ ተገኝቷል፤ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በማሽን የሚታጨዱ ዝርያዎች ይመረታሉ። የዓለም አብዛኛው ሰሊጥ ግን ዛሬም በእጅ ነው የሚታጨደው፤ የኛዎቹም የሁመራና የጎንደር ዓይነቶች ቆባቸው የሚከፈት ነው። የዝርያ ማሻሻል ሥራ ዓመታት ይፈልጋል። እስከዚያው ሰሊጥ ሰው ይፈልጋል።

የክፍያው ጊዜና ውል

ከደመወዙ መጠን ሌላ አከፋፈሉም ሰው ያመጣል ወይም ያስቀራል። አጨዳው ሲፋፋም ዋጋ በየቀኑ ይወጣል። ሰኞ በ800 የገባ ሠራተኛ ሐሙስ ጎረቤት እርሻ 1,000 እንደሚከፍል ይሰማል። ባለእርሻው እንዳይሄድበት ክፍያውን እስከ መጨረሻ ይይዛል፤ ሠራተኛው ደግሞ የተያዘበትን ትቶ ሌሊት ይጠፋል ወይም ሲጨርስ ይጨቃጨቃል። ፊቅህ የተማሩ ወንድሞቻችን የኢጃራን መሠረት ያውቁታል፤ ሥራውና ዋጋው ከመጀመሩ በፊት የታወቀ እንዲሆን። ይህ ለአላህ ብሎ ከመጠንቀቅ ባሻገር ቀጥተኛ የኢኮኖሚ ጥቅም አለው። ክፍያው አስተማማኝ እንደሆነ የሚታወቅ እርሻ በሚቀጥለው ዓመት ሰው አያጣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ራሱ አልቆረጠም፤ በደመወዝ ቦርድ እንዲወሰን ተወው። በመስከረም መተማ ላይ ግን ችግሩ የወለሉ ማነስ ሳይሆን የተባለው አለመከፈሉ ነው።

ባለእርሻው የሚይዘውም ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም። ሰሊጡ ሳይሸጥ ገንዘብ የለውም። የአጨዳ ደመወዝ የሚከፈለው ልክ ኪሱ ባዶ በሆነበት ሳምንት ነው። ብዙ ገበሬ ይህን የሚሸፍነው ከነጋዴ በከባድ ወለድ ተበድሮ ወይም ሰብሉን ገና ማሳ ላይ እያለ በርካሽ አሳልፎ ነው። ሙስሊሙ ገበሬ ወለዱን ሲሸሽ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። በቅርብ ዓመታት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ተከፍተዋል፤ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ነገር ግን በስፋት የሚሰጡት ሙራበሃ ዕቃ ገዝቶ መሸጥ ነው፤ ትራክተር ይገዛል፣ ደመወዝ ግን አይከፍልም። ለዚህ የሚመቸው ሰለም ነው፦ ገዢው የሰሊጡን ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ዓይነቱ፣ መጠኑና የርክክቡ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ ገበሬው በዚያ ገንዘብ አጫጆቹን በየሳምንቱ ይከፍላል። የነጋዴው የርካሽ ግዢ ከዚህ የሚለየው ገበሬው በጭንቀቱ ሳምንት፣ ያለ አማራጭ፣ የተባለውን ዋጋ ስለሚቀበል ነው። አካውንቲንግና ፋይናንስ የምትማሩ እህትና ወንድሞች የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትፈልጉ ይህን ብታዩት እንወዳለን፤ ምርት ገበያው ያወጣው የጥራት ደረጃ «ዓይነቱ ይታወቅ» የሚለውን ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል።

ከደመወዙ ላይ ያልተቆጠረው

በስሌታችን ውስጥ ወባን በ4 ቀንና በ1,000 ብር አልፈነዋል። አንድ ሌላ በሽታ ግን ሆን ብለን ለመጨረሻ አቆይተነዋል፤ ካላዛር። በመተማና በሁመራ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ውስጥ ይኖራል። ሌሊት ከቤት ውጭ፣ ያለ አጎበር፣ ማሳ ዳር የሚተኛው ደግሞ አጫጁ ነው። እዚያ ተወልዶ ካደገው ሰው ይልቅ ከደጋ የወረደው በብርቱ ይታመማል።

በሽታው ከተያዙ በኋላ የሚታየው ከወራት ቆይታ በኋላ ነው። በጥቅምት የተነከሰ ልጅ በጥር ወይም በመጋቢት፣ ደጋ ላይ ቤቱ ሆኖ ይከሳል፣ ይተኩሳል። ወጪው በቤተሰቡ ላይ እንጂ በእርሻው ላይ አይወድቅም፤ በሰሊጡ ዋጋ ውስጥም አይታይም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ፣ ቀድሞ ካላዛር በማይታወቅበት ደጋ፣ ወረርሽኝ ተነሳ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይገመታል። ካላዛር ከኤች አይ ቪ ጋር ሲጣመር ደግሞ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል።

አጎበርና መኝታ ድንኳን ለሠራተኛ ማቅረብ ለባለእርሻው ወጪ ነው፤ ነገር ግን ከ200 ብር የቀን ጭማሪ ጋር ብናወዳድረው ርካሹ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጆቻቸው ደህና የተመለሱላቸው መንደሮች በቀጣዩ መስከረም ያለ ደላላ ይልካሉ።

ጥቁር አንበሳ የምትሠሩ የሕክምና ተማሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም እንድገመው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የከሳ ሰውነት ያለው ወጣት ልደታ ካለ ግንባታ ተነስቶ ሲመጣ፣ መታወቂያው አዲስ አበባ ቢልም፣ «ባለፈው መስከረም የት ነበርክ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሰሊጡን ሥራ ትቶ ወደ ከተማ የመጣው ምናልባት ከአንድ ወቅት በኋላ ነው።